ማን ነበር 38 ዓመት ያበላው?

መጻጉዕ በመጣ ቁጥር እኔ ትዝ የሚለኝ የአባቴ ጀርባ ነው። ለመንፈሳዊ ጽሁፍ አሪፍ አጀማመር እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምን ላድርግ እንደዛ ነው። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሁድ ሲደርስ፣ ድሬ መጋል ስትጀምርና ሌሊት አንሶላ እንኳን ሲከብድ፣ ቅዳሴ ላይ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ሲነበብ ሰው ሁሉ በሀሳቡ ኢየሩሳሌም ይሄዳል፣ እኔ የምሄደው ከዚራ ሰፈር እኛ ቤት ነው፣ ሳሎን መስኮቱ ስር ወደነበረችው የብረት አልጋ።

ታሪኩን ለረሳ ባጭሩ... በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ አለች፣ አምስት መመላለሻ አላት፣ እዛ ዕውሩም አንካሳውም ሰውነቱ የሰለለውም ተኝቶ የውሃውን መንቀሳቀስ ይጠብቃል። ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። አንዱ ሰውዬ 38 ዓመት ታሟል። ጌታ መጥቶ "ልትድን ትወዳለህን?" ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ሰው የለኝም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል ይላል፣ "ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ" ይባላል፣ ይነሳል ይሄዳል። ቀኑ ሰንበት ስለሆነ ከዛ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው። ሰውየው ስም የለውም። መጻጉዕ በግዕዝ በሽተኛ፣ የሰለለ እንደማለት ነው፣ እኛ ግን "መጻጉዕ እንዲህ አለ፣ መጻጉዕ እንዲያ ሆነ" እያልን በሽታውን ስሙ አደረግንለት። አባቴም መጨረሻ ላይ እንደዛው ሆኖ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሰራ፣ የሎኮሞቲቭ ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ የሚናገር ሰውዬ፣ ሰፈር ውስጥ አቅጣጫ ሲጠቆም "ያ የተኛው ሰውዬ ቤት ጋ ታጠፍ" ነበር የሚባለው።

መመላለሻ የሚለው ቃል ላይ ሁሌ ነው የምቆመው። መመላለሻ እኮ ሰው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ማለት ነው። መራመድ የማይችል ሁሉ መመላለሻ ላይ ተኝቷል። ቃሉ ራሱ ያማል።

አባቴን ስትሮክ የመታው 2008 ላይ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ጠፉ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ በኋላ ምላሱ ትንሽ ተመለሰ፣ ከሁሉ በፊት የተመለሰው ደግሞ ቀልዱ ነው። 6 ዓመት ተኛ። ማታ ማታ ሞባይሌ ላይ አነብለት ነበር፣ መጀመሪያ ጋዜጣ ምናምን፣ ከዛ ስለ አዲሱ የቻይና ባቡር (ጣቢያውን ከከተማ አውጥተው ሰርተውት አንድ ቀን ሳያየው ቀረ፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል)፣ ከዛ ወንጌል። ዮሐንስ 5 ላይ የደረስን ቀን እንደ ሰባኪ ድምፄን እያሳመርኩ አነበብኩለት። ሰምቶ ሰምቶ ዝም አለና "ጥልቀቱ ስንት ነው?" አለኝ።

የምን?

"የገንዳው።"

የወርክሾፕ ሰው ነው እኮ ምን ታደርገዋለህ። ፈልጌ ነገርኩት። ቦታው ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲቆፈር ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ትላልቅ ገንዳዎች ተገኙ፣ በአራቱ ዙሪያ አራት መመላለሻ፣ አምስተኛው በሁለቱ ገንዳዎች መሀል ባለው ግንብ ላይ። ከዛ በፊት አምስት መመላለሻ የሚባለውን እንደ ምሳሌ ብቻ የሚያዩት ነበሩ። በጣም ጥልቅ ነው አልኩት። አባቴ በዛች በተጣመመች አፉ ሳቀ። "ታዲያ ሽባ ሰው እዛ ገብቶ ይሰምጣል እንጂ እንዴት ይድናል?" አለ። ከዛ ጣራውን እያየ ትንሽ ቆየና ይሄን ጽሁፍ እስክጽፍ ድረስ ያልለቀቀኝን ጥያቄ ጠየቀ።

"38 ዓመት ማን ነበር የሚያበላው?"

አላሰብኩትም ነበር። ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፣ ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ትንሽ ተቀኝቻለሁ፣ የመጻጉዕን መዝሙር ዘምሬያለሁ፣ አንድም ሰው ይሄን ሲያነሳ አልሰማሁም። አባቴ ግን ተኝቶ ስለሚያውቀው ነው። የማይንቀሳቀስ ሰው ሰው ከሌለው በሳምንት ይሞታል፣ 38 ዓመት አይቆይም። ውሃ የሚያቀብል አለ፣ እንጀራ የሚያጎርስ አለ፣ የሚያጸዳዳ አለ። ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ መንገደኛ ነው፣ ወይ አጠገቡ የተኛው ዕውር ነው። "ሰውየው ዋሽቷል" አለ አባቴ፣ "ሰውማ አለው።"

እኔም ለጊዜው ስቄ አለፍኩ።

ከወራት በኋላ ይመስለኛል አጎቴ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ደረቱ ላይ አስቀመጥኩለት። እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ፣ እየበላህ ነው፣ አዎ፣ እንዲህ እንዲህ ተባባሉና አጎቴ ምን ጎደለህ ሲለው አባቴ "ምን ይጎድለኛል፣ ሰው የለኝም እንጂ" አለው። እናቴ ፖፖውን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። ሶስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ ተከታትላ ያልተኛች ሴት። ምንም አላለችም። ወደ ጓሮ ወጣች፣ የፖፖው ማጠቢያ ድምፅ ተሰማኝ፣ ከተለመደው በጣም የቆየ መሰለኝ። ማታ እኔን ለብቻዬ አግኝታ "እኔ ታዲያ ምንድነኝ፣ ሰው አይደለሁም?" አለችኝ።

እንግዲህ እኔ መጻጉዕን በእናቴ ዓይን ማንበብ የጀመርኩት ከዛች ማታ ወዲህ ነው። ያ ሰውዬ "ሰው የለኝም" ሲል ምናልባት በአንዱ መመላለሻ ጥግ ለ38 ዓመት ያበላው ሰው ቆሞ እየሰማ ይሆናል። ወንጌሉ አይልም፣ የኔ ግምት ነው፣ ግን የሆነ ሰው መኖሩ አይቀርም። ያ ሰው ምን ተሰማው? ጌታ ደግሞ እንዲህ አይነቱን ነገር ሰምቶ ዝም የሚል አይመስልም፣ ሳምራዊቷን "ባል የለኝም" ስትለው አምስት ባሎች ነበሩሽ ብሎ ቆጥሮ የነገራት እሱ ነው፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀደም ብሎ። እዚህ ጋ ግን "እስከዛሬ ማን አበላህ ታዲያ?" አላለውም። አለፈው። የተኛ ሰው የሚናገረውን ቃል በቃል አልያዘበትም። እናቴም ከጊዜ በኋላ እንደዛው አለፈችው፣ ግን እሷ ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

ደሞ ሳስበው ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። "ውኃው በተናወጠ ጊዜ" ነው ያለው። የሚያበላ ሰው አለው፣ ውሃው በሚናወጥበት ሰዓት የሚያወርደው ሰው ነው የሌለው። ይሄን የድሬ ሰው በደንብ ይገባዋል፣ የውሃ ወረፋ እናውቃለና። ቧንቧ ለቀናት ጠፍቶ ይከርምና የሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዱ "ውሃ መጣች!" ብሎ ይጮሃል፣ ግቢው ሁሉ በቢጫ ጀሪካን ይሞላል። ጎረምሳ ልጆች ያሉት ቤት በርሜሉን ሞልቶ ይጨርሳል፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት እንስራዋን ይዛ ስትደርስ ቧንቧው እየተንፈሰፈሰ ነው። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በማግስቱ ከራሱ ጀሪካን ቀድቶ ይሰጣታል፣ ቡና ሲፈላም ትጠራለች። (ውሃው ራሱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ጋግሮ የሚሄድ ውሃ ነው፣ ግን እሱንም አጥተነዋል።) ቤተ ሳይዳም እንደሱ ነበር፣ ቀድሞ የገባ የሚድንበት ቦታ ላይ ከበሽተኞች መሀል የሚድነው ከሁሉ ያነሰ የታመመው ነው። በጣም የታመመው መቼም አይደርስም። በነገራችን ላይ ስለ መልአኩ የሚናገረው ቁጥር 4 ጥንታዊ ከሚባሉት የግሪክ ቅጂዎች ላይ የለም፣ የሰውየው መልስ ግን ሁሉም ላይ ስላለ ሰልፉ የማይቀር ነው።

ጌታ ታዲያ ወረፋውን አላስተካከለም። ተሸክሞም አላወረደውም። እኔ ብሆን "ና እኔ አወርድሃለሁ" እል ነበር፣ ደግ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። እሱ ውሃውን ነገሬም አላለው።

የድሬ ልጅ ሆኜ ደሞ ሌላ የሚመጣብኝ ነገር አለ። ሌላ አገር "ውሃው ተናወጠ" ሲባል ሰው ወደ ውሃው ይሮጥ ይሆናል። እኛ ከውሃው ነው የምንሮጠው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው፣ ደቻቱ ዓመት ሙሉ አሸዋ ሆኖ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ፣ ተኝተን ሳለ ግድግዳ የሚያህል ጎርፍ ይዞ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ድምፁ ነው የማይረሳኝ፣ ባቡር መስሎኝ ነበር፣ አባቴን "ባቡሩ በዚህ ሰዓት?" ብየዋለሁ። ስለዚህ ውሃ ይናወጣል፣ ሰው ይድናል ሲባል እኔ ቶሎ አይዋጥልኝም። ጌታ ያን ሰውዬ ከውሃው ጋ ሳያገናኘው ማዳኑ ለኔ የሆነ እፎይታ አለው፣ ለምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት ግን አልችልም።

እሺ ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ጽሁፍ ያስጀመረኝ ንዴት ነው።

ታኅሣሥ 2010 አባቴን ቁልቢ ወሰድነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢን ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው፣ ደንገጎን ወጥተህ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ጀምሮ መንገዱ ሰው ብቻ ነው፣ በእግሩ የሚሄደው፣ ድንጋይ የተሸከመው፣ ጥላ ለስለት የያዘው፣ የዛሬ ዓመት "ልጅ ስጠኝ" ብላ ዘንድሮ ልጇን አዝላ የመጣችው። ራስ መኮንን ከዓድዋ መልስ ካሠሩት ጊዜ ጀምሮ ይሄ ተራራ የስንቱን እንባ እንዳየ። ሚኒባስ ተኮናትረን፣ የኋላውን ወንበር አስወልቀን ፍራሽ አንጥፈን ነው የሄድነው፣ እናቴ፣ እኔና ጎረቤታችን። ጎረቤታችን ሙስሊም ነው፣ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ። "አንተ ምን ልትሰራ ትሄዳለህ?" ሲሉት "አቦ ማን ያወርደዋል ታዲያ፣ ገብርኤል መጥቶ ያውርደው?" አለ። ተሳልን፣ አለቀስን፣ ተመለስን። አባቴ አልዳነም።

ከዛ በኋላ አንድ አገልጋይ ቤት ድረስ መጣ፣ ከየት እንደሆነ አልናገርም። ዘመድ ነው ያመጣው። ጸለየ፣ ጸበል ረጨ፣ ቡና ጠጣ፣ እሱ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ እናቴን "እምነት ጎድሏችኋል፣ ቤቱ ውስጥ የማያምን ሰው ስላለ ነው ፈውሱ የተያዘው" አላት። ማንን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፣ በዛች ሰዓት አባቴን ትራስ እያስደገፈ የነበረው ጎረቤታችን ነው። እናቴ ከዛ ቀን በኋላ ለወራት ራሷን ስትመረምር ኖረች። የቱ ጋ ነው ያላመንኩት፣ ቁልቢ ላይ ስለቱን ስሳል ተጠራጥሬ ይሆን፣ እያለች። በዛ ሁሉ ድካም ላይ ይሄ ተጨመረላት።

አንድ ቀን ዮሐንስ 5ን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስቲ አብረን እንይ አልኳት፣ ይሄ የዳነው ሰውዬ እምነቱ የታለ? "ልትድን ትወዳለህን?" ተብሎ ሲጠየቅ አዎ እንኳን አላለም፣ ስሞታ ነው ያሰማው። አስራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት "እምነትሽ አድኖሻል" ተብላለች፣ እሺ። ቅፍርናሆም ላይ ጣራ ነድለው ያወረዱት ሽባ ጊዜ "እምነታቸውን አይቶ" ይላል፣ የተሸካሚዎቹን፣ እሱ አራት ሰው ነበረው። ይሄኛው ጋ ግን እምነት የሚል ቃል የለም። እንዲያውም ከዳነ በኋላ ማን አዳነህ ሲሉት አያውቀውም፣ ቁጥር 13 ላይ "ማን እንደ ሆነ አላወቀም" ነው የሚለው። ስሙን እንኳን አልጠየቀም! ማንን አምኖ ዳነ ታዲያ? በኋላ መቅደስ ውስጥ ጌታ ራሱ ፈልጎ አገኘው፣ ሰውየው ማንነቱን ሲያውቅ ምን አደረገ፣ ሄዶ ለሚከሱት ሰዎች እሱ ነው ያዳነኝ ብሎ ነገረ። ክፋት ይሁን የዋህነት አላውቅም፣ ግን ምስጋና የሚባል ነገር አላየሁም። ምዕራፍ 9 ላይ ያለው ዕውር እኮ ስለ ጌታ ተከራክሮ ከምኩራብ ተባሯል። ይሄኛው እንደሱ አይደለም።

እናቴ "ታዲያ ለምን አዳነው?" አለች።

እኔም እሱን ነው የምልሽ አልኳት።

የኛ አባቶች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። በትውፊት እንደሚነገረው ዓርብ ሌሊት ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ በጥፊ የመታው ሎሌ ይሄው መጻጉዕ ነው። ዮሐንስ 18 ላይ ስሙ የለም፣ ከሎሌዎቹ አንዱ ነው የሚለው፣ ትውፊቱ ነው ያገናኛቸው። "ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ" የተባለውም ለዚህ ነው ብለው ያስተምራሉ። ልጅ ሆኜ ስሰማው በጣም ነበር የምናደደው፣ ውለታ ቢስ! እያልኩ። ሰባኪዎችም ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሰውየውን ይራገሙና ወደ እኛ ዞረው "እኛም መጻጉዕ ነን" ብለው ያስለቅሱናል። እኔ አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ሌላው ወገን ነው። ያቺ የመታችው እጅ ለ38 ዓመት ሰላላ ነበረች። ማን እንዳነሳት ያቺ እጅ ባታውቅም የተመታው ፊት ያውቃል። ልቡናና ኩላሊት የሚመረምር ከሆነ ደግሞ ቤተ ሳይዳ ላይ ሆኖ "ተነሣ" ሲል ያቺን ጥፊ እያያት ነው "ተነሣ" ያለው። በእምነት ልክ የሚከፈል ፈውስ ቢሆን ኖሮ እኮ ይሄ ሰውዬ ከአምስቱ መመላለሻ የመጨረሻው ሰው መሆን ነበረበት። ያን ሁሉ ሰው ተራምዶ አልፎ እሱ ጋ ሄደ።

ስለዚህ ባለማመን የቀረ ፈውስ ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ በማመን የዳነውን ሰውዬ ከዚህ ምዕራፍ አውጥቶ ያሳየኝ። የለም። ናዝሬት ላይ ስለ አለማመናቸው ብዙ ተአምር አላደረገም ተብሎ ተጽፏል፣ አውቃለሁ፣ እሱን የሚያነሱ አሉ። እሱ የናዝሬት ነው። ሶስት ዓመት ፖፖ ያጠበችን ሴት በር ላይ አስቁሞ የሚነገር አይደለም። ደሞ ያቺን "ኃጢአት አትሥራ" የምትለዋን ቃል የሚወዱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ፣ ቃሏ የተነገረችው ሰውየው ከዳነ፣ አልጋውን ተሸክሞ ከሄደ፣ በገዛ እግሩ መቅደስ ከቆመ በኋላ ነው። ተኝቶ ሳለ ኃጢአቱን ያነሳበት የለም።

ይሄ ሁሉ ግን ትልቁን ጥያቄ አይመልስም። እዛ የተኛው "ብዙ ሕዝብ" ነው ይላል። አንድ ሰው ተነሳ። የቀሩትስ? ጌታ በመሀላቸው አልፎ ሄደ፣ ሕዝብ ስለነበረ ፈቀቅ ብሎ ነበርና ይላል። አጠገቡ የተኛው ዕውር የሆነ ሰው ሲነሳ ሰማ፣ የእግር ኮቴ ሰማ፣ ከዛ ዝም አለ። አባቴን የማስበው እዛ ነው፣ ከተነሳው አጠገብ። ዮሐንስ ተአምራቱን ምልክት ነው የሚላቸው፣ ምልክት ደግሞ አንድ ቢሆን ይበቃል ይባላል፣ ለሚያነብ ሰው ይበቃል ማለት ነው፣ ለተኛ ሰው ግን አይበቃም። ይሄን ያህል ነው የደረስኩት። እምነት ጎድሎህ ነው የሚለውን መልስ ብቻ ወንጌሉ ራሱ ከእጄ ወስዶልኛል፣ በምትኩ ሌላ መልስ አልሰጠኝም።

የመጻጉዕ ቅዳሴ ላይ የሚሰበከው ምስባክ ከመዝሙር 40 ነው፣ "እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ፣ ወይመይጥ ሎቱ ኵሎ ምስካቤሁ እምደዌሁ" የሚለው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መኝታውን ያነጥፍለታል ይለዋል፣ እሱም ደስ ይላል፣ እግዚአብሔር አንሶላ ሲያነጥፍ። ግን ግዕዙ "ይመይጥ" ነው የሚለው፣ ሜጠ ማለት መለሰ፣ አዞረ፣ ገለበጠ ነው። የተኛ ሰው ያስታመመ ይሄ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሐኪሙ በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት ነው ያለን፣ አለበለዚያ ጀርባው ይቆስላል፣ አንዴ ከቆሰለ በቀላሉ አይድንም። ከወገቡ በታች አንድ ቦታ ቆስሎብን ነበር፣ አጥንት እስኪታይ፣ መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ጀርባ እሱ ነው። እናቴ ብቻዋን ልታዞረው አትችልም፣ አባቴ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ እኔ ሥራ ነኝ። ጎረቤታችን ከሱቁ በባጃጅ እየተመላለሰ ቀን ሁለቴ፣ ከኢሻ ሶላት በኋላ አንዴ፣ ያዞረው ነበር። 6 ዓመት። "ያ አላህ" ብሎ በብብቱ ይይዘዋል፣ አባቴ "ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ሻንጣ መሰልኩህ?" ይለዋል፣ እሱ "አንተ ደሞ ጾሙን እየጾምክ እንዴት ነው የማትከሳው ወላሂ" ይለዋል። (ድሬ አንቱ የለም፣ ላልለመደ ሰው ስድብ ይመስለዋል።) ጀርባው ዳነ። ሐኪሙ ራሱ ገርሞት ነበር።

አሁን እዚህ ጋ "ተአምሩ እሱ ነበር" ብዬ ብጽፍ ላይክ እንደሚበዛ አውቃለሁ። አልልም፣ ምክንያቱም አባቴ ጀርባው እንዲድን ብቻ አይደለም የተመኘው፣ ተነስቶ ለገሃር ድረስ መሄድ ነው። ጎረቤታችንም ቢሰማኝ ይስቅብኛል። የጎርፉ ጊዜ ምናልባት አባትህ ውለታ ውሎለት ይሆናል የሚሉኝ ነበሩ፣ ብድር እየከፈለ ይሆናል ብለው። ጎረቤታችን እኛ ሰፈር የገባው ከጎርፉ በኋላ ነው፣ ከኛ የተበደረው ስኳር እንኳን የለም። ለምን እንደሚመጣ አንዴ ጠይቄዋለሁ። "ምን ማለት ነው ለምን፣ በሩ ክፍት ነው" አለኝ።

አባቴ 2014 ግንቦት ላይ አረፈ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሌሊት፣ እናቴ እጁን ይዛው። አርባው ካለፈ በኋላ መጋላ በኩል አንዲት እናት ወድቀው ወገባቸው ተሰብሮ ተኝተዋል፣ አልጋ የላቸውም ተባለ። የኛ አልጋ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፣ እኛም ከሌላ የታመመ ሰው ቤት ነበር የወረስነው። እናቴ ውሰዱላቸው አለች። አይሱዙ ጠርተን ነበር፣ ሳይመጣ ቀረብን፣ ባጃጅ ላይ ደግሞ አይጫንም። ስለዚህ እኔና ጎረቤታችን በትከሻ ተሸከምነው። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ገደማ፣ በዛ ፀሐይ፣ ብረቱ ያቃጥላል። እናቴ በሩ ላይ ሆና ግድግዳውን እንዳትቧጭሩት ስትል ነበር፣ ሌላ ምንም አላለችም።

በድልድዩ ቢዞር ሩቅ ነው ብለን በደቻቱ አሸዋ ቆርጠን ገባን። መሀል ላይ ስንደርስ ደከመንና አልጋውን አወረድነው። ጥላ የለም፣ ምንም የለም፣ አሸዋና ፕላስቲክና ሁለት ፍየሎች። ጎረቤታችን አልጋው ላይ ቁጭ አለ፣ ከዛ ጋደም አለ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ። ከማዶ ዳር አንድ አባቴን የሚያውቅ፣ መሞቱን ግን ያልሰማ የድሮ የምድር ባቡር ሰውዬ ቆሞ አየን፣ አልጋውን አወቃት መሰለኝ፣ እጁን እያወዛወዘ ጮኸ።

"አንተ! ዳነ እንዴ?"

ጎረቤታችን ተነስቶ ተቀመጠ። እኔን አየኝ። እኔም እሱን። ከዛ አሸዋውን ከሱሪው አራገፈና የራስጌውን በኩል ያዘ፣ እኔ የግርጌውን ያዝኩ፣ ወደ ሰውየው አቅጣጫ መሄድ ጀመርን።